መልእክተኛው ቦት፦ ኮድና ፍተሻ እንዴት ይገናኛሉ?

ሸዋ ቤንች ላይ ቡና የሚነግድ ሁሉ ያውቀዋል፤ በሻጩ ቃል ብቻ የሚታመን ቡና የለም። በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል የሚሸጥ ቡና ናሙና ይወሰድበታል፣ ናሙናው በባለቤቱ ስም ፈንታ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ቀማሾቹም የማን እንደሆነ ሳያውቁ ደረጃ ያወጡለታል። ናሙናውን የሚያመላልሰው ሰው አይቀምስም፣ ደረጃም አያወጣም። እሱ ከሌለ ግን ቡናውና ቀማሹ አይገናኙም።

ባለፈው እረፍት፣ ቴፒ ካምፓስ ኮምፒውተር የሚማረው የአክስቴ ልጅ ላፕቶፑን ከፍቶ «ቦት እያገናኘሁ ነው» ሲል፣ አክስቴ ከሰፌዱ ላይ ጥቁሩን ፍሬ ከደህናው እየለየች «እና ቦት የምትለው ነው ኮዱን የሚፈትሸው?» አለችው።

«አይደለም እማዬ፤ እሱ የሚላላክ ነው። ፈታሹ ሌላ ነው።»

ብዙ ጀማሪ የሚያምታታው ይህንኑ ነው።

የጻፈው ፕሮግራም ትንሽ ነበር፤ ኪሎ ተቀብሎ ወደ ፈረሱላ ይመነዝራል። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። ስለዚህ ከፕሮግራሙ ጎን አንድ መፈተሻ አስቀምጧል፦ 340 ኪሎ ሲገባ 20 ፈረሱላ ይውጣ። እያየሁት ሆን ብሎ 17ቱን 16 አደረገና ወደ ጊትሀብ ላከው። ጊትሀብ ብዙ ሰዎች ኮዳቸውን በጋራ የሚያኖሩበት ጎተራ ነው። ለውጡ እንደደረሰ ጎተራው ለፈታሹ ማሽን «አዲስ ነገር ገብቷል» የሚል አጭር መልእክት ሰደደ፤ ይህ ዌብሁክ ይባላል። ፈታሹ ኮዱን ቀድቶ አስኬደው፤ 20 መውጣት ሲገባው 21.25 ወጣ። ቦቱም ውጤቱን ይዞ ተመለሰና ከለውጡ ጎን ቀይ ምልክት አኖረ። ከአቦል እስከ ቶና ባለው ጊዜ ውስጥ ሁሉም አለቀ።

ፈታሹ ብዙ ዓይነት ነው። በራስ ማሽን ላይ ከሚተከሉት ስመ ጥሩው ጄንኪንስ ነው፤ ቀድሞ ሀድሰን ይባል ነበር፣ የአሁኑን ስም ያገኘው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። ጊትሀብ ራሱም ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አክሽንስ የሚባለውን ለሁሉም ከፍቷል። በአክሽንስ የሚሠራ ሰው መልእክተኛው አብሮት ይመጣለታል። ጄንኪንስ የሚተክል ግን አገናኙን ራሱ ያዘጋጃል።

እዚህ ላይ ነው ጥንቃቄው። ቦቱ ወደ ጎተራው የሚገባበት ቁልፍ ያስፈልገዋል፤ ቶክን ይሉታል። ብዙ ሰው ቸኩሎ የራሱን ቁልፍ ይሰጠዋል። አታድርጉት። ቁልፉ የጠፋ ቀን ያገኘው ሰው እናንተን ሆኖ ይገባል፤ ኮድ ይቀይራል፣ ይሰርዛል። ለቦቱ የራሱን መለያ ክፈቱለት፤ ኮዱን እንዲያነብና ውጤት እንዲጽፍ ብቻ ፍቀዱለት። በጊትሀብ አፕ መልክ ከተሠራ ደግሞ ወደ ጎተራው የሚገባበት ቶክን በአንድ ሰዓት ውስጥ ጊዜው ያልፍበታል፤ ቢሰረቅ እንኳ ብዙ አያገለግልም። ዌብሁኩም የምስጢር ቃል ይኑረው። መልእክቱ በዚያ ቃል ተፈርሞ ስለሚመጣ ፈታሹ ከጎተራው የመጣውን ከአጭበርባሪ ይለያል።

ለእኛ አካባቢ ከሁሉ የሚብሰው መብራትና ኔትወርክ ነው። ጊትሀብ መልእክቱን ልኮ በ10 ሴኮንድ ውስጥ ምላሽ ካላገኘ እንደከሸፈ ይቆጥረዋል፤ በራሱ ዳግም አይልከውም። ቢሮ ውስጥ ያለ፣ በሞባይል ኢንተርኔት የሚሠራ ማሽን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ የሚታይ አድራሻ ስለሌለው ዌብሁኩ አያገኘውም። መፍትሔው አቅጣጫውን መገልበጥ ነው። ጄንኪንስ ራሱ በየጥቂት ደቂቃው ጎተራውን «አዲስ ነገር አለ?» ብሎ እንዲጠይቅ ይደረጋል። ይዘገያል፣ ግን መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ያመለጠውን ያገኛል። ሚዛን ወይም ቴፒ ተቀምጬ ብመርጥ ይህንን እመርጣለሁ።

አንድ ስውር ችግር ይቀራል። አንዱ ተማሪ ፕሮግራሙ ኪሎ መቀበሉን ትቶ ኩንታል እንዲቀበል ቢያደርግና መፈተሻውንም አብሮ ቢቀይር፣ ሌላው በዚያው ሰዓት ኪሎ የሚልክ አዲስ ገጽ ከነመፈተሻው ቢጨምር፣ ለየብቻቸው ሁለቱም አረንጓዴ ያገኛሉ፤ ሲቀላቀሉ ግን ሒሳቡ ይበላሻል። የረስት ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ጀማሪ ግሬይደን ሆር ለዚህ ቦርስ የተባለ ቦት አበጀ። ቦርስ ለውጡን አስቀድሞ ከዋናው ኮድ ጋር ቀላቅሎ ያስፈትሻል፤ ካለፈ በኋላ ብቻ ያስገባዋል። ብዙ እጅ ለሚነካው ኮድ ከዚህ የተሻለ ሥርዓት አላውቅም።

ወደ ጓዳችን ልመለስ። ቀዩ ምልክት ከወጣ በኋላ ልጁ ለውጡን ከዋናው ኮድ ጋር የሚቀላቅለውን ቁልፍ ተጫነ፤ የተበላሸው ኮድ ያለ ምንም ከልካይ ገባ። ለካ ቀይ ምልክት በራሱ ምክር ብቻ ነው። የሚከለክለው ሌላ ቅንብር ነው፤ በጎተራው ውስጥ ዋናው ኮድ ፍተሻ ያላለፈ ምንም ለውጥ እንዳይቀበል የሚያዝ ደንብ። ኮዱን ወደ 17 መልሶ ያንን ካበራ በኋላ 16ቱን እንደገና ላከው፤ በዚህ ጊዜ የመቀላቀያው ቁልፍ አልሠራም።

እናንተም ቦቱን ያገናኛችሁ ዕለት አንድ ቁጥር ሆን ብላችሁ አበላሽታችሁ ላኩ። ቀይ ሆኖም ከገባ፣ በሩ ገና አልተዘጋም።