ስለ ሞልድ ገጠማና ስለ ገጣሚዎቹ አለቃ



ቁይ ገበያ ወጥቶ የፕላስቲክ ሳፋ፣ ጆግ ወይም ጫማ ያልገዛ ቤተሰብ የሚገኝ አይመስለኝም። ይሁን እንጂ ሳፋውን ሳፋ፣ ጆጉንም ጆግ የሚያደርገው ምን እንደሆነ ብዙዎቻችን ጠይቀን አናውቅም። እኔም ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ፣ ቃሊቲ ከሚኖሩት አጎቴ ዘንድ ባልሰነብት ኖሮ አልጠይቅም ነበር። አጎቴ በአንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ የሞልድ ገጣሚዎች አለቃ ናቸው። በየማታው የነገሩኝን፣ አንድ ቀንም አስፈቅደው ወስደው ያሳዩኝን በዚህች አጭር ጽሑፍ እገልጻለሁ።

ሞልድ ማለት የዕቃው ቅርጽ በውስጡ የተቀረጸበት፣ ለሁለት የሚከፈት ብረት ነው። ምስር የሚያህል የፕላስቲክ ፍሬ ከማሽኑ አናት ይፈስሳል፤ 200 ዲግሪና ከዚያም በላይ በጋለ በርሜል ውስጥ የሚዞር ጠመዝማዛ ብረት እያቀለጠ ወደ ፊት ይገፋዋል፤ የቀለጠውም በጠባብ አፍንጫ አልፎ በኃይል ወደ ሞልዱ ይገባል። በሞልዱ ውስጥ የሚመላለስ ውኃ ካቀዘቀዘው በኋላ ሞልዱ ተከፍቶ ዕቃው ይወጣል። (ውኃ የምንቀዳበት ጀሪካን ግን በአየር እየተነፋ ስለሚሠራ ማሽኑ ሌላ ነው።) ለዚህ ዓይነቱ ማሽን መጀመሪያ የሆነውን ጆን ዌስሊ ሃያት ከወንድሙ ጋር በአሜሪካ የፈጠራ መብት ያገኘበት እ.ኤ.አ. በ1872 ነው።

አንዱ ማሽን ዛሬ ሳፋ፣ ነገ ጆግ ይሠራል። ስለዚህ በመካከሉ ሞልዱ መለወጥ አለበት። ብዙ መቶ ኪሎ የሚመዝን ብረት በክሬን ተንጠልጥሎ በማሽኑ ሁለት የብረት ገበታዎች መካከል ይወርዳል። ገጣሚዎቹም በሞልዱ ጀርባ ያለውን ቀለበት በቋሚው ገበታ ካለው ቀዳዳ ጋር ያገጥሙታል፤ ይህ ልክ ካልመጣ የማሽኑ አፍንጫና የሞልዱ አፍ አይገናኙም፣ ፕላስቲኩም በጎን ይፈስሳል። ከዚያ ብሎኑ ይጠብቃል፣ የውኃው ቱቦ ይያያዛል፣ ዕቃውን ገፍተው የሚያስወጡት ዘንጎች የሚሄዱበት ርቀት ይለካል። የክሬኑ ሰንሰለት የሚፈታው ሁለቱም የሞልዱ ወገኖች በየገበታቸው ከታሰሩ በኋላ ብቻ ነው።

ብዙ ሰው አለቃ ማለት ቆሞ የሚያዝ ይመስለዋል። የአጎቴ ሥራ ግን ይበልጡን መከልከል ነው። ማንም እጁን በገበታዎቹ መካከል ከማስገባቱ በፊት የማሽኑ ዋና ማብሪያ ጠፍቶ ይቆለፋል። እያንዳንዱ ገጣሚ የራሱን ጓጉንቸር አንጠልጥሎ መክፈቻውን በኪሱ ይይዛል፤ ሦስት ሰው ከገባ ሦስት ጓጉንቸር አለ፣ ሦስቱም ወጥተው ካልከፈቱ ማሽኑ አይነሣም። መካከለኛ የሚባለው ማሽን ገበታዎቹን የሚያጣብቀው በ200 ቶን ያህል ኃይል ነውና ጣት ከፕላስቲክ አይለይም።

የምርት ክፍል ሰዎች በበኩላቸው «ቶሎ በሉ፤ የቆመ ማሽን ብር አያመጣም» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ለዚህ መልስ የሰጠው ሺጌዎ ሺንጎ የተባለ ጃፓናዊ መሐንዲስ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ በቶዮታ ፋብሪካ፣ 4 ሰዓት ይፈጅ የነበረውን የ1,000 ቶን መጭመቂያ ቅርጽ መለወጥ በመጀመሪያ ወደ 90 ደቂቃ፣ በኋላም ወደ 3 ደቂቃ አወረደው። ያፈጠነው የሠራተኛውን እጅ አይደለም፤ ማሽኑ እየሠራ ሳለ ሊሰናዳ የሚችለው ሁሉ አስቀድሞ እንዲሰናዳ አደረገ እንጂ። የእኛ ገበሬ በሬውን ጠምዶ ሲያበቃ ሞፈር ሊጠርብ ጫካ አይገባም፤ ነገሩ ይኸው ነው። በአገራችንም ካይዘንን የሚያስተምር የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት የተባለ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2011 ተቋቁሞ ነበር። አጎቴም አሮጌው ሞልድ ሥራውን ሳይጨርስ የአዲሱን ቱቦ በውኃ ይፈትናሉ፣ ብሎኑን ቆጥረው በጋሪ ላይ ያስቀምጣሉ።

እኔ በሄድሁበት ዕለት ግን መሰናዶውም አላዳነም። የጆጉ ሞልድ ሊነሣ ሲል አጎቴ የሰንሰለቱን መንጠቆ አይተው «አቁም!» አሉ። መንጠቆው አፉን ከፈት አድርጓል፤ እኔ ቢነግሩኝም እንኳ ልዩነቱ በቀላሉ አልታየኝም። አንድ የምርት ኃላፊ መጥተው «ትናንት በዚሁ ተነሥቷል እኮ!» ቢሏቸው «ትናንት አላየሁትም፤ ዛሬ ግን አየሁት» ብለው መለሱ። ሌላ መንጠቆ እስኪመጣ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆምን። ኃላፊው ሰዓታቸውን እያዩ ተመላለሱ፤ ከገጣሚዎቹ ግን አንድም ያጉረመረመ የለም፤ ሞልዱ የሚያልፈው በእነርሱ አጠገብ ነውና።

መብራት በድንገት ሲጠፋም ሌላ ጣጣ አለ። በተለይ ፒቪሲ የሚባለው ዓይነት በጋለ በርሜል ውስጥ ከቆየ ይቃጠላል፤ ጢሱም ሳንባን የሚጎዳ፣ ብረትንም የሚበላ አሲድ ያዘለ ነው። መብራቱ ሲመለስ በርሜሉ በሌላ ፕላስቲክ ተገፍቶ ይጸዳል እንጂ ዝም ብሎ ሥራ አይቀጠልም።

ሞልዱ ተገጥሞ ካለቀ በኋላ የመጀመሪያዎቹ ጆጎች አይሸጡም። አንዱ ሳይሞላ ጎዶሎ ይወጣል፤ ሌላው በጠርዙ ስስ ፕላስቲክ ተርፎበት ይወጣል። ሙቀቱና ግፊቱ በጥቂት በጥቂቱ እየተስተካከለ ደኅናው ሲገኝ አጎቴ በሚዛን አኑረው ይመዝኑታል፣ በብርሃን ያዩታል፣ ውኃ ሞልተው ያቆሙታል። ካላፈሰሰ ቀኑንና ፊርማቸውን ጽፈውበት ከማሽኑ አጠገብ ያስቀምጡና ማሽኑን ለኦፕሬተሯ ያስረክባሉ፤ እርሷም የፈረቃዋን ሥራ ሁሉ ከዚያ ጆግ ጋር እያስተያየች ትቀጥላለች።