ጤና ምጽዋት ነውን፥ ወይስ መብት?



ሁለት ሰዎች በመንገድ ሲገናኙ አስቀድመው የሚለዋወጡት ቃል «ጤና ይስጥልኝ» የሚለው ነው። ከሀብትና ከሹመት አስቀድሞ ጤናን መመኘታችን፥ አባቶቻችን የኑሮን መሠረት ለይተው ያወቁ እንደ ነበሩ ያሳያል። ጤናን የሚሰጥ እግዚአብሔር መሆኑን በመካከላችን የሚጠራጠር የለም። ነገር ግን አንዲት እናት በምጥ ተይዛ አዋላጅ በማጣቷ ብትጎዳ፥ ይህ የዕድል ነገር ነውን? ወይስ ሰው ለሰው ሊከፍለው ሲገባ ያልከፈለው ዕዳ?

ለዚህ ጥያቄ ቍርጥ ያለ መልስ ከሰጡት መካከል ሐኪሞች ይገኙበታል። በ1946 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) የብዙ አገሮች መልእክተኞች በኒው ዮርክ ተሰብስበው የዓለም ጤና ድርጅትን መተዳደሪያ ሕግ አጸደቁ። ድርጅቱ እንዲቋቋም ብዙ ከደከሙት መካከል የኖርዌዩ ዶክተር ካርል ኤቫንግ፥ የብራዚሉ ዶክተር ዴ ፓውላ ሶዛና የዩጎዝላቪያው ዶክተር አንድሪያ ሽታምፓር ይገኛሉ። ሕጉም ሰው በዘር፥ በሃይማኖት፥ በፖለቲካ አሳብ ወይም በኑሮ ደረጃ ሳይለይ፥ ሊደርስበት የሚችለውን ከፍተኛ ጤና ማግኘት መሠረታዊ መብቱ መሆኑን ደነገገ። በ1948 የወጣው የሰብአዊ መብቶች መግለጫም ሕክምናን ከሰው መብቶች ጋራ ቈጠረው፤ ኢትዮጵያም ድምፅዋን ከሰጡት አገሮች አንዲቱ ነበረች።

ቃሉ በወረቀት ላይ ያማረ ነው፤ ትርጓሜው የሚታወቀው ግን በምጥ አልጋ አጠገብ ነው። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመን በእንግሊዝ አገር የነርስነትን ሙያ ተምረው ነበር። ይሁን እንጂ ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በ1942 በወለጋ ሳሉ፥ ከእርግዝና ጋራ በተያያዘ ሕመም በወጣትነታቸው ዐረፉ። ልዕልትነትም የሙያው ዕውቀትም ያላስጣሉት አደጋ፥ ከመንገድና ከሐኪም ርቃ ለምትኖር የባላገር እናት ምን ያህል ይከብዳት?

በልዕልቲቱ መታሰቢያነት በአዲስ አበባ ወደ ታነጸው ሆስፒታል በ1959 ሁለት ሐኪሞች መጡ። እነርሱም አውስትራሊያዊቷ ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና የኒው ዚላንድ ተወላጅ የሆኑት ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊን ነበሩ። የመጡት ለሦስት ዓመት ውል አዋላጆችን ሊያስተምሩ ነበር፤ ነገር ግን በደጃቸው ያዩት መከራ ዕድሜ ልካቸውን አስቀራቸው።

መከራውም ፊስቱላ የሚባለው ሕመም ነው። ምጥ ለቀናት ሲጓተት የሕፃኑ ራስ የእናቲቱን ገላ ከዳሌ አጥንቷ ጋራ አጣብቆ ይጫነዋል፤ ደም የማይደርሰው ገላም ይሞትና በማሕፀን መውጫና በሽንት ፊኛ መካከል ቀዳዳ ይከፈታል። ሕፃኑ አብዛኛውን ጊዜ ሳይተነፍስ ይወለዳል። እናቲቱም ከኀዘኗ በላይ ሽንቷን መቋጠር ይሳናታል። ከዚህ የተነሣ ባሏ የሚተዋት፥ ጎረቤት የሚሸሻት፥ በጓሮ ጎጆ ለብቻዋ የምትቀመጥ ብዙ ናት። አንዳንዱ የኀጢአት ቅጣት ነው ይላታል፤ ሕመሙ ግን በጊዜው ያልደረሰላት አዋላጅና ሐኪም ምልክት እንጂ የማንም ኀጢአት ምልክት አይደለም።

ሁለቱ ሐኪሞች ቀዳዳውን በኦፕራሲዮን መዝጋት ጀመሩ፤ በ1974ም ለዚሁ ሕመም ብቻ የሚሆን የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን መሠረቱ። ኋላም በባሕር ዳር፥ በመቐለ፥ በይርጋ ዓለም፥ በሐረርና በመቱ ቅርንጫፎች ተከፈቱ። ያለ ክፍያ የታከሙትም ከ60,000 በላይ ናቸው። ከነዚህ አንዷ ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ፥ በልጅነታቸው ለሕክምና መጥተው፥ አልጋ ከማንጠፍ ጀምረው በዶክተር ሬጂናልድ እጅ ሙያውን ተምረው፥ የቀለም ትምህርት ሳይኖራቸው ሌሎችን ሴቶች በኦፕራሲዮን እስከ ማዳን ደርሰዋል። ትናንት ከሰው መካከል የተለየች ሴት ዛሬ ለሐኪሞች መምህርት ከሆነች፥ በየጎጆው ተደብቀው የቀሩት ምን ያህል ስጦታ ይዘው እንደ ቀሩ መገመት አያዳግትም።

ይሁን እንጂ ዶክተር ካትሪን በመስፋት ብቻ አልረኩም። አንዷ ድና ስትሄድ ሌላዋ በበሩ ስትገባ ያዩ ነበርና፥ በአገር ውስጥም በውጭም እየዞሩ አዋላጅ በየመንደሩ ካልደረሰ ሕመሙ እንደማይጠፋ ተናገሩ፤ ተከራከሩ። በ2007ም የአዋላጅ ነርሶች ኮሌጅ ተከፈተ፤ ከባላገር የተመረጡ ልጃገረዶች ተምረው ወደ አውራጃቸው ተመልሰው ያገለግላሉ። ዶክተር ካትሪን በ2020 በ96 ዓመታቸው በአዲስ አበባ እስኪያርፉ ድረስ ከዚህ አሳብ አልተለዩም። እንዲህ ያለ ሐኪም ለበሽተኛው መድኃኒት ሰጪ ብቻ ሳይሆን ጠበቃም ነው።

ምናልባት «አገሩ ድኻ ሲሆን ስለ መብት መናገር ምን ይጠቅማል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ ገንዘብ የሌለው መንግሥት በአንድ ቀን ሁሉን ሊፈጽም አይችልም። ነገር ግን ምጽዋትና መብት የሚለዩት በዚህ ነው፦ ምጽዋት በሰጪው ፈቃድ ይቀራል፤ መብት ግን ዛሬ ባይፈጸም ነገ ይጠየቃል። በ1994 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ41ኛው አንቀጽ መንግሥት ለሕዝብ ጤና በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ግዴታ የጣለበት ስለዚህ ነው። ከ2003 ጀምሮም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ተሰማሩ። በ2000 በተደረገው ጥናት በሕይወት ለሚወለዱ 100,000 ሕፃናት 871 እናቶች ይሞቱ የነበረው፥ በ2016 ወደ 412 ወርዷል። ድኽነቱ ሳያልቅ ሞቱ መቀነሱ፥ ነገሩ የሚቻል መሆኑን ይመሰክራል፤ የቀሩት 412 ደግሞ ዕዳው ገና እንዳልተከፈለ ያሳስቡናል።

ከዚህ ዕዳ የቤተ ሰብም ድርሻ አለበት። ሕጉ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻን ይከለክላል፤ ሰውነቷ ያልጠናን ልጅ መዳር ወደዚህ መከራ ማቅረብ ነውና አባት ይጠንቀቅ። ባል ሚስቱ ስትፀንስ የጤና ጣቢያውን ክትትል እንድትጀምር ያድርግ፤ መንገዱ ሩቅ ከሆነም ቀኗ ሳይደርስ ወደ እናቶች ማቆያ ይውሰዳት። ምጥ ሲጠና «እስኪነጋ እንጠብቅ» ማለት እናትንም ልጅንም ሊያሳጣ ይችላል። በጎረቤት የተደበቀች እኅት ካለችም ሕመሟ የሚድን መሆኑን ነግሮ፥ እጇን ይዞ ወደ ሐኪም ማድረስ ይገባል። የጤና ጣቢያው አዋላጅ ወይም መድኃኒት የጎደለው እንደ ሆነ ደግሞ፥ የመንደሩ ሽማግሌዎች በትሕትና፥ ነገር ግን ሳያፍሩ ይጠይቁ፤ የሚለምኑት ውለታ ሳይሆን የእናቶቻቸው ድርሻ ነውና።

እንግዲህ ነገ ጠዋት ጎረቤታችንን «ጤና ይስጥልኝ» ስንለው፥ ከምኞታችን ጋራ ከእኛ የሚጠበቀውንም እናስብ።