የቁንዶ በርበሬው መንገድ በማን ደም ተጠረገ?

ስለ ዓለም ታሪክ በሚሰጡ ትምህርቶች ውስጥ «አገኘ» የሚለው ቃል ሰፊ ቦታ ይዞ እንመለከታለን። ኮሎምቦስ አሜሪካን «አገኘ»፣ ቫስኮ ዳ ጋማ የሕንድን መንገድ «አገኘ» ይባላል። ቃሉ ከመደጋገሙ የተነሣ ጆሮ ስለለመደው፣ የጠፋው ነገር ምን ነበር? የጠፋበትስ ማን ነው? ብሎ የሚጠይቅ አይበዛም። አንድን ዘረፋ ግኝት ብሎ የሰየመ ወገን ግን የታሪኩን ግማሽ ቀድሞ እንደፈረደው መዘንጋት የለበትም። ስለዚህ በ15ኛውና በ16ኛው መቶ ዓመት በሕንድ ውቅያኖስ ላይ የተካሄደውን የንግድ ትግል ከሥር መሠረቱ መመርመር ይገባናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መንገዱ አስቀድሞ ነበረ

ከፖርቱጋል መርከቦች መምጣት ብዙ መቶ ዓመታት አስቀድሞ የሕንድ ውቅያኖስ የታወቀ የንግድ አደባባይ ነበር። የዚህ ንግድ ሞተር ነፋስ ነው። በክረምቱ ወራት ከደቡብ ምዕራብ፣ በበጋው ደግሞ ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ወቅታዊ ነፋስ መርከበኛውን ከአፍሪካ ጠረፍ ወደ ሕንድ፣ ከሕንድም ወደ አፍሪካ ያመላልሰው ነበር። የመርከቡን ሳንቃ በኮኮናት ቃጫ ገመድ የሰፉት የእጅ ባለሙያዎችና ኮከብ ቆጥረው አቅጣጫ የሚለዩት መሪዎች ይህን ዕውቀት ለልጅ ልጅ አስተላልፈዋል።

የማላባር ቁንዶ በርበሬ፣ የሞሉካ ቅርንፉድ፣ የባንዳ ደሴቶች ገውዝ፣ የጉጃራት የጥጥ ጨርቅ፣ በሶፋላ በኩል የሚወጣው የዚምባብዌ አምባ ወርቅ በዚሁ ባሕር ላይ ይለዋወጥ ነበር። ተጓዡ ኢብን ባቱታ በ1331 ኪልዋን በጎበኘ ጊዜ የበለጸገች ከተማ አግኝቷል። ከ1405 እስከ 1433 ድረስ የቻይናው አድሚራል ዠንግ ሄ ሰባት ታላላቅ ጉዞዎችን መርቷል፤ በመጀመሪያው ጉዞ ብቻ ከ27 ሺህ በላይ ሰዎች ተሰልፈው ነበር፤ ከኋለኞቹም ጉዞዎች አንዳንዶቹ እስከ ምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ደርሰዋል። ጉዞው የቆመው የመርከብ ጥበብ ስላነሰ አልነበረም። ወጪው ለመንግሥቱ ግምጃ ቤት ከባድ ነበር፤ በሰሜን ጠረፍ የሞንጎሎች ሥጋት ነበረ፤ ንግዱንም የራሱ ጥቅም አድርጎ ወደፊት የሚገፋ፣ በቤተ መንግሥቱ ዘንድ ሥልጣን ያለው የነጋዴ መደብ አልነበረም።

ይህን ስንል ያ ዓለም የእኩልነት ዓለም ነበር ማለታችን አይደለም። የኪልዋ ሱልጣን ቤተ መንግሥት የተገነባው ከወርቁ ላይ በሚነሣው ቀረጥ ነው። የግብፁ ማምሉክ ሱልጣን ባርስባይ በ1420ዎቹ ዓመታት የቅመማ ቅመሙን ንግድ በመንግሥት ሞኖፖል ሥር አውሎ ገዢንም ሻጭንም አስመርሯል። ከአገራችን ደጋና ቆላ ወደ ዘይላና ወደ ምጽዋ ይወርድ በነበረው የሲራራ ንግድ ውስጥም ከወርቅና ከዝሆን ጥርስ ጋር በባርነት የሚሸጡ ሰዎች ይነዱ ነበር። ብዝበዛውን አውሮፓውያን አልፈጠሩትም። ይዘውት የመጡት አዲስ ነገር ሌላ ነው።

አውሮፓ ስለምን ወጣች?

«ቱርኮች በ1453 ቁስጥንጥንያን ያዙ፤ የምሥራቁ መንገድ ተዘጋ፤ ስለዚህ አውሮፓውያን በባሕር ወጡ» የሚል ማብራሪያ በየመማሪያ መጽሐፉ ተለምዷል። ዓመታቱን ጎን ለጎን ብናስቀምጣቸው ግን አባባሉ አይቆምም። ፖርቱጋል የሞሮኮን ወደብ ሴኡታን የያዘችው በ1415፣ መርከበኞቿ የቦጃዶርን ርእሰ ምድር ያለፉት በ1434 ነው። ከሕንድ የሚመጣው ቅመም በብዛት የሚያልፈው በእስክንድርያና በቤይሩት ሲሆን፣ እነዚህ ወደቦች በቱርክ እጅ የወደቁት በ1516 እና በ1517 ማለትም ዳ ጋማ ሕንድ ከደረሰ ከአሥራ ስምንት ዓመታት በኋላ ነው። መንገዱ አልተዘጋም ነበር። ትርፉ ግን በካይሮና በቬኒስ እጅ ነበር።

እውነተኛውን ምክንያት በአውሮፓ ውስጥ በነበረው ቅራኔ ልንፈልገው ይገባል። ከ1347 ጀምሮ የተዛመተው ታላቅ ወረርሽኝ ከሕዝቡ ሢሶውን ያህል ወይም ከዚያ በላይ ፈጅቷል። አራሽ ባነሰበት አገር ባለርስቱ የሚሰበስበው ግብር ተመናመነ፤ ርስት ያልደረሰው መኳንንትም በባዕድ ምድር ምርኮና መሬት መሻት ጀመረ። ወርቅና ብር እየተወደደ ሲሄድ፣ ወርቁ በሰሐራ ግመሎች ከምዕራብ አፍሪካ እንደሚመጣ የሚያውቁት ነጋዴዎች ምንጩ ድረስ በባሕር መሄድን ፈለጉ። የባላባቱ ሰይፍና የነጋዴው ገንዘብ የተጋቡት በዚህ ጊዜ ነው።

የጋብቻው የመጀመሪያ ፍሬ ምን ነበር? በነሐሴ ወር 1444 ላጎስ በተባለችው የፖርቱጋል ወደብ 235 አፍሪካውያን ከመርከብ ወርደው በመስክ ላይ ተደልድለዋል። ልጅ ከእናቱ፣ ወንድም ከወንድሙ ሲለያይ የነበረውን ለቅሶ የመዘገበው የራሱ የፖርቱጋል ቤተ መንግሥት ታሪክ ጸሐፊ ነው። በ1482 በዛሬዋ ጋና ጠረፍ የኤልሚና ምሽግ ተሠራ። በማዴይራና በሳኦ ቶሜ ደሴቶች የስኳር አገዳ እርሻ በባሪያ ጉልበት ተስፋፋ። በኋላ በአሜሪካ የሚሊዮኖችን ሕይወት የበላው ሥርዓት ልምምዱን ያደረገው በእነዚህ ደሴቶች ላይ ነው።

የመድፉ ሕግ

ቫስኮ ዳ ጋማ በሐምሌ 1497 በአራት መርከቦችና በ170 ያህል ሰዎች ከሊዝበን ተነሣ። ከማሊንዲ ወደ ሕንድ ያሻገረው ከዚያው ወደብ የተሰጠው መንገድ መሪ ነበር። «አዲሱን መንገድ» ለአግኚው ያሳየው፣ መንገዱን የዕለት እንጀራው ያደረገ ሰው ነው ማለት ነው። በግንቦት 1498 ካሊከት ደርሶ ለገዢው ያቀረበው ገጸ በረከት ጥቂት ጨርቅ፣ ባርኔጣ፣ የመታጠቢያ ሳሕን፣ ስኳር፣ ዘይትና ማር ነበር። የካሊከት ሹማምንት ይህ ለተራ ነጋዴም አይመጥንም ብለው ሳቁበት። ሳቁ ትልቅ ቁም ነገር ነበረበት፤ አውሮፓ በዚያ ገበያ የሚፈለግ ሸቀጥ ብዙም አልነበራትምና። በገበያ ሊያሸንፍ ያልቻለው ወገን ወደ መድፍ ዞረ።

በ1502 ዳ ጋማ በሁለተኛ ጉዞው ከመካ የሚመለሱ መንገደኞችን የጫነች መርከብ ይዞ ከነሰዎቿ አቃጥሏል፤ ከሟቾቹም ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። በ1505 ኪልዋና ሞምባሳ ተዘረፉ። በ1510 ጎዋ፣ በ1511 ማላካ፣ በ1515 ሆርሙዝ ተያዙ። «ካርታዝ» የተባለው የይለፍ ወረቀትም ታወጀ። ይህን ወረቀት ሳይገዛና በፖርቱጋል ወደብ ቀረጥ ሳይከፍል የሚጓዝ መርከብ ጭነቱ ይወረሳል። ካሊከትም ኪልዋም ማላካም በወደባቸው ቀረጥ ያስከፍሉ ነበር እንጂ ሰፊውን ባሕር የእኔ ነው ብለው ፈቃድ የሚያስቆርጡ አልነበሩም። አዲሱ ነገር ይህ ነው፤ ንግዱ ራሱ ሳይሆን የመነገድ መብት በጉልበት ተይዞ ተሸጠ።

ትርፉስ ለማን ደረሰ? በዳ ጋማ የመጀመሪያ ጉዞ ከሄዱት መርከበኞች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አልተመለሱም፤ ብዙዎቹ ድዳቸው እየበሰበሰ፣ እግራቸው እያበጠ በባሕር በሽታ አልቀዋል። ቁንዶ በርበሬው ከሊዝበን ወደ አንትወርፕ ተጭኖ በጀርመን መዳብና ብር ይለወጥ ነበር፤ በ1505ቱም ዘመቻ የአውግስበርግ ባለገንዘቦች መዋዕለ ንዋያቸውን አስገብተዋል። የፖርቱጋል ዘውድ ራሱ በጦርነት ወጪና በዕዳ ተይዞ በ1560 ክፍያ ለማቋረጥ ተገደደ። የጉጃራትና የአቼ ነጋዴዎችም በካርታዙ አልተንበረከኩም፤ በ16ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ቅመሙ በቀይ ባሕር በኩል እንደገና ወደ እስክንድርያ መጉረፍ ጀምሮ ነበር።

ማዕበሉ ወደ እኛ ጠረፍ

የዚህ ትግል ማዕበል የኢትዮጵያንም ጠረፍ መትቷል። ንጉሥ ዮሐንስ 2ኛ በ1487 የላከው ሰላይ ፔሮ ዳ ኮቪልያ የካሊከትንና የሶፋላን ገበያ ካጠና በኋላ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ እንዳይወጣ ተከልክሎ ቀረ። እቴጌ እሌኒ ማቴዎስ የተባለውን መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል ሰደዱ፤ በ1520ም የፖርቱጋል መልእክተኞች ምጽዋ ደረሱ። ፖርቱጋል በቀይ ባሕር የግብፅን ንግድ የሚያንቅላት ተባባሪ፣ የኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት ደግሞ ጠመንጃና የእጅ ባለሙያ ይሹ ነበር።

በ1541 የቫስኮ ልጅ ክሪስቶቮ ዳ ጋማ 400 ያህል ወታደሮች ይዞ ሲመጣ፣ ኢማም አሕመድም በየመን ካሉት ቱርኮች ነፍጠኞች አስመጣ። በዚህም የአገር ውስጥ ጦርነት የሁለት የባሕር ኃይሎች መፎካከሪያ ሆነ። ክሪስቶቮ በ1542፣ ኢማሙ በ1543 ሞቱ፤ ቱርክ በ1557 ምጽዋን ያዘች። የሁለቱንም ወገን ሠራዊት ከጎተራው አውጥቶ የቀለበው፣ በሬውንም ያጣው ግን ቅመሙን በዓይኑ ያላየ ገበሬ ነው።

የቃሉ ዋጋ

ፖርቱጋል የጀመረችውን በ1602 የተቋቋመው የሆላንድ ኩባንያ ወደ ፍጻሜው አደረሰው። በ1621 የኩባንያው ጦር የገውዝን ምንጭ ለብቻው ለመያዝ ሲል የባንዳን ሕዝብ አብዛኛውን ፈጅቶ፣ አስርቦና አሳድዶ፣ በእርሻው ላይ ባሮችን አሰፈረ። የባንዳ ሰዎች ደሴቶቻቸው መቼ «እንደተገኙ» ቢጠየቁ የሚሰጡት መልስ ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ግልጽ ነው። የሩቁን ወራሪ ስናወግዝ ለቅርቡ ቀረጥ በላና ባሪያ ሻጭ የምስክር ወረቀት መስጠት አይገባም፤ የቅርቡን ኃጢአት ስንቆጥርም የሩቁን መድፍ ልንሸፍንለት አይገባም። ለልጆቻችን ስለዚያ ዘመን ስናስተምር የመርከቡን አዛዥ ስም ብቻ አናስጠናቸው። መርከቡን ማን ሰፋ? መንገዱን ማን አሳየ? ጭነቱን ማን ተሸከመ? ትርፉንስ ማን ቆጠረ? እያልን እንጠይቃቸው። እነዚህን አራት ጥያቄዎች መመለስ የቻለ ልጅ «አገኘ» የሚለውን ቃል ሲያነብ ቆም ብሎ ያስባል።