የፕሬዚዳንቶች ወረቀት ማደሪያ

የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ቤተ መጻሕፍት በስሙ ቤተ መጻሕፍት ይባል እንጂ መጽሐፍ የሚያውሱበት ቦታ አይደለም። አንድ ፕሬዚዳንት በሥልጣን ዘመኑ የጻፈው፣ የተጻፈለት፣ የፈረመበትና አንብቦ ወደ ጎን ያኖረው ወረቀት የሚከማችበት ቤተ መዛግብት ነው፤ ከጎኑም ሙዚየም አለው። ከአማርኛ ስያሜዎች የሚቀርበው የአዲስ አበባው ወመዘክር የቀድሞ ስም ነው፦ ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር። አብዛኛው ጎብኚ ሙዚየሙን ዞሮ፣ ፎቶ ተነሥቶ ይመለሳል። ወረቀቱን ፍለጋ የመጣው ጥቂት ሰው ግን ጸጥ ወዳለው የንባብ ክፍል ያመራል።

ይህ አሠራር የተጀመረው በፍራንክሊን ሩዝቬልት ነው። ከእሱ በፊት የነበሩት ፕሬዚዳንቶች ወረቀታቸውን እንደ ግል ንብረት ጭነው ወደ ቤታቸው ይወስዱ ነበር። ከዚያ በኋላ የሚደርስበትን የሚወስኑት ወራሾች ነበሩ። የሊንከን ወረቀቶች በልጁ ፈቃድ እስከ 1947 (ካልተገለጸ በቀር ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ተዘግተው ቆይተዋል። የዋረን ሃርዲንግ ሚስት ደግሞ ባሏ ሲሞት ብዙውን ወረቀት አቃጥላዋለች። ሩዝቬልት በኒው ዮርክ ግዛት፣ ሃይድ ፓርክ በሚገኘው ርስቱ ላይ በግለሰቦች መዋጮ ሕንፃ አሠርቶ ወረቀቱን ለመንግሥት አስረከበ፤ ቤቱ በሰኔ 1941 ተመረቀ። በ1955 የወጣው ሕግ ይህንኑ ልማድ አጸናው፦ ሕንፃው በመዋጮ ይሠራል፣ ብሔራዊው ቤተ መዛግብት ተረክቦ ያስተዳድረዋል።

እስከዚያ ድረስ ግን ወረቀቱ በስጦታ የሚመጣ ነበር። ነገሩን የለወጠው ኒክሰን ነው። በ1974 ከሥልጣን ሲወርድ የዋይት ሃውስ የድምፅ ቅጂዎቹ እጣ አጠያያቂ ስለሆነ ምክር ቤቱ ቅጂውንም ወረቀቱንም በልዩ ሕግ ከእጁ አስወጣ። በ1978 ደግሞ ለሁሉም የሚሠራ ሕግ ወጣ፦ ከጥር 20 ቀን 1981 ጀምሮ ሥልጣን የሚይዝ ፕሬዚዳንት ሁሉ ሥራውን የሚመለከት ሰነድ የአሜሪካ መንግሥት ንብረት ነው። ሕጉ መጀመሪያ የሠራው በሬገን ላይ ነው።

ይህ ልዩነት ለተመራማሪው የሕግ ተረክ ብቻ አይደለም። ወደ ካርተር ወይም ወደ ኬኔዲ ቤት የሄደ ሰው የሚያገኘው ሰጪው በስጦታ ውሉ ባስቀመጠው ገደብ መሠረት የተከፈተ ስብስብ ነው። ወደ ሬገን ወይም ወደ ክሊንተን ቤት የሄደ ግን ፕሬዚዳንቱ ከወረደ 5 ዓመት ካለፈ በኋላ በመረጃ ነፃነት ሕግ ማመልከት ይችላል፤ አንዳንድ ዓይነት ሰነዶች ግን እስከ 12 ዓመት ሊዘጉ ይችላሉ። ማመልከቻው ሰነዱን ወደ ምርመራ ያስገባዋል፣ ምርመራው ደግሞ ተራ አለው። በዚህ ምክንያት የቅርቡ ፕሬዚዳንት ወረቀት ከሩቁ ይልቅ ብዙ ጊዜ ይዘገያል።

ቤቶቹ በየፕሬዚዳንቱ አገር ተበትነው ይገኛሉ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማየት የአፄ ኃይለ ሥላሴን ጉዳይ ማንሣት ይበቃል። ንጉሠ ነገሥቱ ሩዝቬልትን በየካቲት 1945 በግብፅ ታላቁ መራራ ሐይቅ ላይ በጦር መርከብ አገኙት፤ በ1954 የአይዘንሃወር፣ በጥቅምት 1963 የኬኔዲ፣ በ1967 የጆንሰን፣ በ1969 ደግሞ የኒክሰን እንግዳ ነበሩ። የእነዚህን ጉብኝቶች ሰነድ የሚፈልግ ሰው ከሃይድ ፓርክ ተነሥቶ ወደ ካንሳስ አቢሊን፣ ከዚያ ወደ ቦስተን፣ ወደ ቴክሳስ ኦስቲን፣ መጨረሻም ወደ ካሊፎርኒያ ዮርባ ሊንዳ መጓዝ አለበት፤ አምስት ግዛት፣ አምስት የንባብ ክፍል። የኦስቲኑ ቤት ሀብቱን ሳይደብቅ ያሳያል፦ ቀይ የሰነድ ሳጥኖች በመስታወት ጀርባ ፎቅ በፎቅ ተደርድረው ከአዳራሹ ይታያሉ። ስብስቡ 45 ሚሊዮን ገጽ ያህል ነው። በዚህ ብዛት መካከል አንድ ቴሌግራም መፈለግ ምን እንደሚመስል አዳራሹ ውስጥ የቆመ ሰው ወዲያው ይገባዋል።

ፍለጋው የሚቃለለው ወረቀቱ በርዕሰ ጉዳይ እንዳልተደረደረ ሲታወቅ ነው። የመዛግብት ሙያ ዋና ሕግ፣ ሰነድ የተፈጠረበትን ቢሮ አደረጃጀት እንደያዘ ይቀመጣል የሚል ነው። የአንድ ባለሥልጣን መሳቢያ ምን እንደያዘ፣ በምን ተራ እንደተቀመጠ፣ እንደዚያው ይቆያል። ገቢና ወጪ እየለየ ፋይል ሲከፍት የኖረ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ይህን ከማንም ፈጥኖ ይረዳዋል። ስለዚህ የተመራማሪው የመጀመሪያ ጥያቄ «ስለዚህ ጉዳይ ምን አላችሁ?» ሳይሆን «ይህ ጉዳይ በማን ጠረጴዛ ላይ አለፈ?» የሚለው መሆን አለበት።

የኦጋዴን ጦርነት ጥሩ ምሳሌ ነው። ሶማሊያ በ1977 ክረምት ኢትዮጵያን ስትወር ፕሬዚዳንቱ ካርተር ነበር። አትላንታ ያለው ቤቱ «ኢትዮጵያ» የሚል የአገር ፋይል አለው፤ ጀማሪ ተመራማሪ ያንን አስወጥቶ፣ አንብቦ፣ የጨረሰ ይመስለዋል። ብዙው ነገር ግን ሌላ ቦታ ነው። በብሔራዊ ደኅንነት ምክር ቤት የአፍሪካ ቀንድን ጉዳይ ይከታተል የነበረው፣ ቀደም ሲል በአዲስ አበባ የሠራው ፖል ሄንዝ ነው፤ የዕለት ተዕለት ማስታወሻዎቹ የተቀመጡት በአገር ስም ሳይሆን «ቀንድ» በሚል በሠራተኞች ወረቀት ክፍል ነው። በ1978 መጀመሪያ የደኅንነት አማካሪው ብሬዢንስኪ የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ወደ አካባቢው ይላክ ሲል የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ቫንስና የመከላከያ ሚኒስትሩ ብራውን ተቃውመዋል። የዚያ ክርክር ቃለ ጉባኤ የሚፈለገው በስብሰባዎች ተራ ነው። የኢትዮጵያን ፋይል ብቻ ያነበበ ሰው በጦርነቱ ዙሪያ ከተደረጉት ዋና ክርክሮች አንዱን ሳያየው ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው ጉዞው ከመጀመሩ በፊት ነው። እያንዳንዱ ቤት ለየስብስቡ የይዘት ዝርዝር አዘጋጅቷል፦ ስብስቡን፣ በውስጡ ያሉትን ክፍሎች፣ የሳጥኑን ቁጥርና የፎልደሩን ርዕስ ይገልጻል። ዝርዝሩ ብዙ ጊዜ ፎልደሩ ላይ ይቆማል፤ በውስጡ ያሉትን ወረቀቶች አንድ በአንድ አይዘረዝርም። ለዚህ መድኃኒቱ የመዛግብቱ ባለሙያ ነው። ጉዳዩን፣ ዘመኑንና የሰዎቹን ስም በግልጽ ለጻፈለት ሰው የትኞቹን ሳጥኖች ማየት እንዳለበት ይመልስለታል። «ስለ ኢትዮጵያ ያላችሁን ሁሉ» ብሎ የጻፈ ግን የሚደርሰው መልስ እንደ ጥያቄው ሰፊና ባዶ ይሆናል።

ስለ ኢትዮጵያ ለሚፈልግ ሰው ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንዱ ስም ነው። የአሜሪካ መዝገብ የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ይይዛል፤ ስለዚህ ኃይለ ሥላሴ «ሥላሴ» ተብለው ሊመዘገቡ ይችላሉ። ጠቅላይ ሚኒስትራቸው አክሊሉ ሀብተ ወልድ በአክሊሉ፣ በሀብተ ወልድ፣ ወይም በወልድ ብቻ ሊፈለጉ ይገባል። በላቲን ፊደል ሲጻፍም የአንድ ሰው ስም በሦስት በአራት መልክ ይመጣል፤ ሁሉንም መሞከር ነው። ሌላው ቀን ነው። ንጉሡ ከዙፋን የወረዱበት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መስከረም 2 ቀን 1967፣ በዚያ መዝገብ መስከረም 12 ቀን 1974 ነው። የትዝታ መጽሐፍ አንብቦ የሚሄድ ሰው ቀኖቹን አስቀድሞ ገልብጦ ካልያዘ የተሳሳተ ሳጥን ያስወጣል።

የንባብ ክፍሉ ሥርዓት ጥብቅ ነው። አዲስ ገቢ አጭር ማብራሪያ ይሰጠውና የተመራማሪ መታወቂያ ይቀበላል። ቦርሳ፣ ካፖርት፣ ምግብና እስክሪብቶ ከውጭ ይቀራሉ፤ የሚፈቀደው እርሳስ፣ ላፕቶፕና ብልጭታ የሌለው ካሜራ ነው። ሳጥኖቹ በጋሪ ይመጣሉ፤ ጠረጴዛው ላይ የሚወጣው አንድ ሳጥን፣ ከሳጥኑ የሚወጣውም አንድ ፎልደር ነው። ፎልደሩ በወጣበት ቦታ ምልክት የሚሆን ካርቶን ይገባል፣ ያለበለዚያ ቦታው ይጠፋል። የወረቀቶቹ ተራ አይናወጥም፤ የተሳሳተ የሚመስል ተራ እንኳ ቢታይ ለባለሙያው ይነገራል እንጂ በራስ እጅ አይስተካከልም። የለመደ ተመራማሪ ፎቶ ማንሣት የሚጀምረው ከሳጥኑ መለያና ከፎልደሩ ርዕስ ነው፤ ያንን ያላደረገ ከወር በኋላ ከየት እንደመጡ የማያውቃቸው ሦስት መቶ ምስሎች ይዞ ይቀመጣል።

ሰነዱ ራሱ ከይዘቱ ሌላ ብዙ ይናገራል። ለፕሬዚዳንት የሚቀርብ ማስታወሻ ከላይ የላኪውን፣ የተቀባዩንና የጉዳዩን ስም ይዞ ይጀምራል፤ ውሳኔ የሚጠይቅ ከሆነ መጨረሻው ላይ «ይጽደቅ» እና «አይጽደቅ» የሚሉ ሁለት መስመሮች ይኖሩታል። ምልክቱ ያረፈበት መስመር ውሳኔው ነው። ካርተር በጥንቃቄ የሚያነብ ሰው ስለነበር በዳርቻው ላይ በእጁ የጫራት አጭር ቃል አንዳንዴ ከአራት ገጽ ትንተና ትበልጣለች። ከላይና ከታች የተመታው «ምስጢር» የሚል ማኅተም በመስመር ተሰርዞ፣ ከጎኑ በማን ሥልጣንና መቼ እንደተፈታ ይጻፋል፤ ኮፒ ወይም ፎቶ የሚያነሣ ሰው ይህን ማስረጃ አብሮ እንዲያሳይ ይጠየቃል። በመካከሉ የተሸፈነ አንቀጽ ካለ አብዛኛውን ጊዜ የመረጃ ምንጭን ወይም የሌላ መንግሥትን ምስጢር የሚነካ ነው።

ፎልደር ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው ብዙ ጊዜ ከዚያ የወጡ ሰነዶች መዝገብ ነው፦ የሰነዱን ዓይነት፣ ርዕስ፣ ቀን፣ የገጽ ብዛትና የተከለከለበትን ምክንያት ይዘረዝራል። ብዙ ሰው ይህን ወረቀት ገልጦ ያልፈዋል፤ ትልቅ ስሕተት ነው። አንድ ባለ 6 ገጽ ማስታወሻ በዚያ ቀን ከእገሌ ወደ እገሌ መጻፉን ማወቅ በራሱ መረጃ ነው። ከዚያም በላይ፣ ይህ ዝርዝር ሰነዱ እንደገና እንዲመረመር ለማመልከት የሚያስፈልገውን ሁሉ ይዟል። ማመልከቻው ለቤቱ ይቀርባል፤ ቤቱ ደግሞ ሰነዱን ወደፈጠረው መሥሪያ ቤት ይመራዋል፤ ከተከለከለ የመሥሪያ ቤቶች የይግባኝ ጉባኤ አለ። መልሱ ዓመታት ሊወስድ ይችላል። ልምድ ያለው ሰው በመጀመሪያው ጉብኝት ያመለክታል፣ በሁለተኛው ያነባል።

አንድ ነገር መረሳት የለበትም፦ ፕሬዚዳንታዊ ቤተ መጻሕፍት በዋናነት የያዘው በዋይት ሃውስ ያለፈውን ነው። ከአዲስ አበባ ኤምባሲ ወጥቶ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ዴስክ ላይ የቀረ ቴሌግራም የሚገኘው በሜሪላንድ፣ ኮሌጅ ፓርክ ባለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ነው። የ1970ዎቹ ብዙ ቴሌግራሞች ደግሞ በብሔራዊው ቤተ መዛግብት የመረጃ ቋት ከቤት ሆኖ መፈለግ ይቻላል። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩም ከ1861 ጀምሮ የተመረጡ ሰነዶችን በተከታታይ ቅጾች ያሳትማል፤ የካርተር ዘመን የአፍሪካ ቀንድ ራሱን የቻለ ቅጽ አለው፣ የግርጌ ማስታወሻዎቹም የሳጥን ቁጥር ስለሚጠቅሱ ከማንኛውም ዝርዝር በላይ መንገድ ያሳያሉ። እሱን ሳያነቡ አትላንታ መሄድ የአውሮፕላን ገንዘብ ማባከን ነው።

ሰነዱ የያዘው የጸሐፊውን ዓይን መሆኑም ግልጽ ነው። የኤምባሲ ሠራተኛ በግብዣ ላይ የሰማውን ወሬ ከባለሥልጣን ቃል እኩል አድርጎ ሊልክ ይችላል፤ የዋሽንግተኑ አማካሪ ያንኑ ወሬ በሦስት መስመር አሳጥሮ ለፕሬዚዳንቱ ያቀርባል፣ በመንገድ ላይም «ይባላል» የምትለው ቃል ትጠፋለች። ማስታወሻውን ከመነሻው ቴሌግራም ጋር ያላስተያየ ተመራማሪ ወሬን ታሪክ አድርጎ ሊጽፍ ይችላል። የደርግ ጽሕፈት ቤት በዚያው ሳምንት ምን እንዳሰበ ደግሞ ከአትላንታ ሳጥን አይገኝም።

በቅርብ ዘመን ወረቀቱ ራሱ እየጠፋ ነው። የኦባማ ዘመን ሰነድ በአብዛኛው ከመነሻው ዲጂታል ነው፤ ብሔራዊው ቤተ መዛግብትም እንደ ቀድሞዎቹ ያለ የወረቀት ቤት አልከፈተለትም። ቺካጎ ላይ የተሠራውን ማእከል የሚያስተዳድረው የኦባማ ፋውንዴሽን ነው።

ወደ እነዚህ የንባብ ክፍሎች ለመግባት አሜሪካዊ ወይም ፕሮፌሰር መሆን አያስፈልግም፤ ለማንበብም ክፍያ የለም። ፎቶ ያለበት መታወቂያ የያዘ፣ ዕድሜው 14 ዓመት የሞላና ቀጠሮ ያስያዘ ሰው ሳጥን ማስወጣት ይችላል።