ሆም ዋራንቲው «አንከፍልም» ሲል፦ እውነት ወይስ ተረት?

በሐምሌ ሙቀት ኤሲው ጸጥ ሲል፣ ወይም በጥር ብርድ ፈርነሱ አልነሣ ሲል፣ አሜሪካ ውስጥ ቤት የገዛ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚደውለው ለሆም ዋራንቲ ኩባንያው ነው። በየወሩ ሲከፍል ቆይቷል፤ ቴክኒሻን በመጣ ቁጥርም አብዛኛውን ጊዜ ከ75 እስከ 125 ዶላር የጉብኝት ክፍያ ያወጣል። ከዚያ በኋላ ስልክ ይደወልና «ክሌምዎ አልጸደቀም» ይባላል። ቤቱ ውስጥ ሕፃን ልጅ ወይም ያረጁ እናት ካሉ፣ ያ ስልክ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አይሆንም።

በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያ፣ በአትላንታ፣ በዳላስ ያሉ ወገኖቻችን እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስባቸው መካሪ አያጡም። ጎረቤቱም፣ የማኅበር ጓደኛውም፣ አብሮ የሚሠራውም የየራሱን ይላል። ሁሉም የሚመክረው በቅን ልብ ነው። ከምክሩ ውስጥ ግን ሰው መብቱን እንዲተው፣ አንዳንዴም በገዛ እጁ እንዲያበላሽ የሚያደርግ አለ። ደጋግሜ የምሰማውን እነሆ።

«አንዴ ዲናይ ካደረጉ አበቃ»

ተረት ነው። በስልክ የተነገረው የመጀመሪያው መልስ ነው፤ የመጨረሻው አይደለም። የወሰነውም ቤትዎን ያየ ሰው አይደለም። ቴክኒሻኑ የላከውን አጭር ሪፖርት ከኮንትራቱ ጋር ያስተያየ የቢሮ ሠራተኛ ነው። ሪፖርቱ ላይ የገባ አንድ ቃል፣ «ዝገት» ወይም «ቆሻሻ» የሚል፣ ጉዳዩን ከሚሸፈነው ወደማይሸፈነው ሊያዞረው ይችላል።

ስለዚህ ከመናደድም፣ ከመለማመጥም በፊት ሁለት ነገር ይጠይቁ። አንደኛው፣ ክሌሙ የተከለከለበት ምክንያት በጽሑፍ እንዲደርስዎ፣ የኮንትራቱም የትኛው አንቀጽ እንደሆነ በቁጥሩ እንዲጠቀስ። ሁለተኛው፣ ቴክኒሻኑ የጻፈው ሪፖርትና ያነሣው ፎቶ ቅጂ። ይህንን በኢሜይል ይላኩ። በስልክ ብቻ ከተነጋገሩም ወዲያው «ዛሬ እንዲህ ተባብለናል» የሚል አጭር ኢሜይል ያስከትሉ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ያሉት አባቶች ለዚህ ጉዳይ የተናገሩ ይመስለኛል።

አንቀጹ እጅዎ ሲገባ፣ ኮንትራቱን ከፊት እስከ ኋላ ያንብቡ፤ የሚሸፈነውን ዝርዝር ብቻ ሳይሆን የማይሸፈነውንም፣ የገንዘቡን ጣሪያም። አንዳንድ ጊዜ የተጠቀሰው አንቀጽ የሚለውና ኩባንያው ይላል የሚለው አይገናኙም። የአሜሪካ የውል ሕግ ደግሞ አንድ ጠቃሚ መርሕ አለው፦ ሁለት ዓይነት ሊነበብ የሚችል አንቀጽ ሲገኝ፣ ፍርድ ቤት አብዛኛውን ጊዜ የሚተረጉመው ያረቀቀውን ወገን በሚጎዳ መንገድ ነው። ኮንትራቱን ያረቀቁት እነሱ ናቸው። ክልከላውን በመቃወም ለኩባንያው ይግባኝ ሲጽፉ ይህንን በትሕትና ማስታወስ ነውር የለውም።

ቤቱን ሲገዙ ዋራንቲውን ያስገባልዎ ሪልተር ከሆነ፣ ለሪልተሩም ይደውሉ። ብዙ ኩባንያዎች ደንበኛ የሚያገኙት በሪልተሮች በኩል ስለሆነ፣ ለእነሱ የመደቡት ተጠሪ አላቸው፤ የእሱ ስልክ ተራው ደንበኛ ከሚደውልበት መስመር ሊፈጥን ይችላል።

«ሆም ኢንሹራንስ ስላለኝ እሱ ይሸፍነዋል»

በአብዛኛው ተረት። ኢንሹራንስ የሚቆመው ለድንገተኛ አደጋ ነው፤ ለእሳት፣ ለአውሎ ነፋስ፣ ለስርቆት። ሆም ዋራንቲ ደግሞ ዕቃ በአገልግሎት ብዛት ሲደክም ለመጠገን የሚገባ የአገልግሎት ውል ነው። አንድ ቦታ ላይ ግን ይገናኛሉ። የውሃ ማሞቂያው ድንገት ፈንድቶ ወለሉን ካበላሸ፣ ማሞቂያውን ራሱን ኢንሹራንሱ ባይከፍልም ወለሉን ሊከፍል ይችላል። ዋራንቲው ደግሞ በወለሉ ላይ የደረሰውን ጉዳት አይነካውም። ሁለቱ ጋ መደወል ያስፈልጋል።

«ጥገና አላደረጋችሁም ካሉ፣ ደረሰኝ የሌለው ሰው ምንም አይል»

እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ብዙ ክሌም የሚወድቀው በዚህና በታናሽ ወንድሙ፣ «ችግሩ ዋራንቲው ከመግባቱ በፊት የነበረ ነው» በሚለው ምክንያት ነውና።

ደረሰኝ ከሁሉ የተሻለ ማስረጃ መሆኑ እውነት ነው። ብቸኛው ማስረጃ ግን አይደለም። የኤሲ ፊልተር በካርድ የተገዛ ከሆነ የባንክ መግለጫው ላይ ይገኛል፤ በኦንላይን ከተገዛ የትዕዛዝ ታሪኩ አለ። ዕቃውን ያጸዳልዎ ሰው አጭር ጽሑፍ ሊሰጥዎ ይችላል። ስልክዎ ውስጥ ያሉ ፎቶዎች ቀን አላቸው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቤቱን ሲገዙ የተሠራው የኢንስፔክሽን ሪፖርት አለ። ብዙ ሰው ያንን ወረቀት ቁልፍ ከተረከበ በኋላ ዞር ብሎ አያየውም። ኢንስፔክተሩ «ኤሲው ሲሞከር በደንብ ሠርቷል» ብሎ ከጻፈ፣ «ችግሩ ድሮም የነበረ ነው» ለሚለው ክርክር ከዚህ የተሻለ መልስ የለም። በተቃራኒው፣ ሪፖርቱ ስለ ኤሲው ጉድለት ጽፎ ከሆነና እርስዎ ካላስጠገኑት፣ ኩባንያው ያንኑ ወረቀት ሊያነሣብዎ እንደሚችል ይወቁ።

ብዙ ኮንትራቶች ደግሞ ሰዎች የማያስተውሉት ሐረግ አላቸው፦ ቀድሞ የነበረ ችግርም ቢሆን፣ ዕቃውን በዓይን በማየትና አብርቶ በማጥፋት ሊታወቅ የማይችል ከነበረ ይሸፈናል ይላሉ። በእርስዎ ኮንትራት ውስጥ ይህ ሐረግ መኖር አለመኖሩን ይፈልጉ። ካለ፣ ጥያቄው «ችግሩ መቼ ጀመረ?» መሆኑ ይቀርና «ተራ ሰው ሊያየው ይችል ነበር ወይ?» ይሆናል። በኮምፕረሰር ውስጥ የተደበቀ ብልሽትን ማን ያያል?

ሌላው የሚረሳው፣ ለብልሽቱ ምክንያት ያልሆነ ጉድለት ነው። ፊልተሩ ቆሽሾ ተገኝቶ ይሆናል። የተቃጠለው ግን ካፓሲተር ከሆነ፣ የፊልተሩ ቆሻሻ ካፓሲተሩን እንዴት እንዳቃጠለ ኩባንያው እንዲያስረዳ ይጠይቁ። ጥያቄውን በጽሑፍ ያቅርቡ፣ መልሱንም በጽሑፍ ይጠብቁ።

የሚላከው ቴክኒሻን የሚከፈለው በኩባንያው ነው። ይህ ማለት ይዋሻል ማለት አይደለም፤ ብዙዎቹ ሐቀኛ ሠራተኞች ናቸው። ነገር ግን የእሱ ቃል ብቻውን እንዳይቆም፣ ከራስዎ ኪስ ከፍለው ፈቃድ ያለው ሌላ ቴክኒሻን ያምጡና የብልሽቱን መንስኤ በጽሑፍ ያስመዝግቡ። የፈቃድ ቁጥሩ ወረቀቱ ላይ ይኑር። ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ ለአዲስ ኤሲ ከሚወጣው ሺህዎች ጋር አይወዳደርም።

«በራስህ አሠራውና ደረሰኙን ላክላቸው»

ይህ ምክር ብዙ ሰው አክስሯል። አብዛኞቹ ኮንትራቶች ኩባንያው አስቀድሞ ሳይፈቅድ የተሠራን ሥራ አይከፍሉም። ከዚህ ሌላ፣ የተበላሸው ዕቃ ተነቅሎ ከተጣለ ማስረጃውም አብሮ ሄደ። ሁኔታው የማያስጠብቅ ከሆነ፣ ለምሳሌ በክረምት ቤት ውስጥ ሙቀት ከሌለ፣ በመጀመሪያ ለኩባንያው «ጤናችን አደጋ ላይ ስለሆነ በዚህ ቀን ካልመጣችሁ እናሠራለን፣ ወጪውንም እንጠይቃለን» ብለው ይጻፉ። ከዚያ ጠጋኙ ዕቃውን ከመንካቱ በፊትም በኋላም ፎቶና ቪዲዮ ያንሡ፤ የተነቀለውንም ክፍል ጋራዥ ውስጥ ያስቀምጡት።

«ወርሃዊ ክፍያውን አቁምባቸው፣ ይመጣሉ»

አይመጡም። ኮንትራቱ ሊሰረዝ ይችላል፤ እርስዎም ክፍያ ያቋረጠ ደንበኛ ተብለው ክርክሩን ከደካማ ቦታ ይጀምራሉ። ጉዳዩ እስኪያልቅ ይክፈሉ። መውጣት ከፈለጉ በኋላ በጽሑፍ ይሰርዙ።

«ስልካቸውን በድብቅ ቅዳ»

እባካችሁ ይህንን ምክር ለማንም አትስጡ። በዲሲና በቨርጂኒያ ከተነጋጋሪዎቹ የአንዱ ፈቃድ ይበቃል። በሜሪላንድ ግን ሁሉም ተነጋጋሪዎች ሳይፈቅዱ ንግግር መቅዳት ከባድ ወንጀል ነው፤ በካሊፎርኒያም የሁሉም ፈቃድ ያስፈልጋል። ለአንድ ፈርነስ ሲባል ወንጀለኛ መሆን አይገባም። የሠራተኛውን ስም፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የጥሪውን ቁጥር በደብተር መጻፍ ይበቃል።

«መንግሥት በዚህ አይገባም»

ይገባል። እንደ ግዛቱ ግን በሩ ይለያያል። በካሊፎርኒያ የቤት ዋራንቲ ኩባንያዎችን የሚቆጣጠረው የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤቱ ነው። በቨርጂኒያ የግብርናና የሸማቾች አገልግሎት መሥሪያ ቤት ነው፤ «ግብርና» የሚለውን አይቶ ተሳስቻለሁ ብሎ የሚመለስ አለና ይታወቅ። በሜሪላንድ የዋና ዐቃቤ ሕጉ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል አቤቱታ ተቀብሎ ያሸማግላል። የሌላ ግዛት ነዋሪም ቢሆን የዋና ዐቃቤ ሕጉን የሸማቾች ክፍል ቢጀምርበት አይሳሳትም። አቤቱታ ለማቅረብ ጠበቃ አያስፈልግም። ኩባንያውም ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሲደርሰው ጉዳዩን የሚያየው ስልክ የሚያነሣው ሠራተኛ መሆኑ ይቀራል።

አቤቱታዎች ሲጠራቀሙ ምን እንደሚያመጡ የኒው ጀርሲ ምሳሌ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2014 የግዛቲቱ መንግሥት አንድን የሆም ዋራንቲ ኩባንያ ከሰሰ። ክሱ፣ ኩባንያው የጥገና መዝገብ የለም እና ችግሩ ቀድሞ የነበረ ነው እያለ ክሌሞችን ያለአግባብ ይከለክላል የሚል ነበር። በ2015 ጉዳዩ ከ700 ሺህ ዶላር በላይ በሚከፈልበት ስምምነት ተዘጋ። ያንን ክስ ያስነሣው ሰዎች ቁጭ ብለው የጻፉት አቤቱታ ነው።

ቋንቋን በተመለከተ ደግሞ የዲሲ ነዋሪ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የከተማዋ የቋንቋ ሕግ የከተማዋን መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፤ አማርኛም ከዋናዎቹ ቋንቋዎች አንዱ ነው። «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ማለት ልመና አይደለም፤ ሕጋዊ ጥያቄ ነው። የአሥር ዓመት ልጅን አስተርጓሚ አድርጎ ስለ ኮንትራት ማስከራከር ለልጁም ለጉዳዩም አይበጅም።

«ኮንትራቱ አርቢትሬሽን ስለሚል ፍርድ ቤት መሄድ አይቻልም»

ግማሽ እውነት። አብዛኞቹ ኮንትራቶች ክርክርን ወደ ግል ዳኝነት ይመራሉ። ነገር ግን ብዙዎቹ ያው አንቀጽ ውስጥ ስሞል ክሌምስ ፍርድ ቤትን ይፈቅዳሉ። የእርስዎን አንቀጽ እስከ መጨረሻው ያንብቡ።

ስሞል ክሌምስ ለተራ ሰው የተሠራ ፍርድ ቤት ነው። መጠየቅ የሚቻለው ገንዘብ እስከ ተወሰነ ጣሪያ ነው፦ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ 5,000 ዶላር፣ በዲሲ 10,000፣ በጆርጂያ 15,000፣ በቴክሳስ 20,000፣ በካሊፎርኒያ ለግለሰብ 12,500። የተቃጠለ የውሃ ማሞቂያ ወይም ፈርነስ ብዙውን ጊዜ በዚህ ውስጥ ይገባል። በቨርጂኒያ ስሞል ክሌምስ ጠበቃ ቆሞ አይከራከርም፤ ኩባንያው ጠበቃ ከፈለገ ጉዳዩን ወደ መደበኛው የወረዳ ፍርድ ቤት ማዛወር ይችላል። በዲሲ ችሎቱ ራሱ ሽምግልና ያቀርባል፤ ብዙ ጉዳይም እዚያው ያልቃል። በሜሪላንድም በዲሲም ፍርድ ቤቱ አስተርጓሚ በነፃ ያቀርባል፤ ቀደም ብሎ መጠየቅ ግን ያስፈልጋል።

ክሱ የሚደርሰው ለማን ነው? ኩባንያው ቢሮው ሩቅ ግዛት ቢሆንም፣ እርስዎ ባሉበት ግዛት በሕግ የተመዘገበ ወኪል ካለው መጥሪያው ለእሱ ይሰጣል። የወኪሉ ስምና አድራሻ በግዛቱ የንግድ ምዝገባ ድረ ገጽ ላይ ይገኛል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሰናከላል፤ ለደንበኞች አገልግሎት በፖስታ የተላከ መጥሪያ መጥሪያ አይደለም።

«ገንዘብ ካቀረቡልህ ዝም ብለህ ተቀበል»

አይቸኩሉ። ኩባንያው ዕቃውን ከመተካት ይልቅ ጥሬ ገንዘብ ልስጥ ሲል፣ የሚያሰላው ብዙውን ጊዜ እሱ በጅምላ በሚገዛበት ዋጋ እንጂ እርስዎ በሚከፍሉት አይደለም። ሒሳቡን ዘርዝረው እንዲያሳዩ ይጠይቁ፤ ከሁለት ቴክኒሻኖች የዋጋ ጽሑፍ አያይዘው የራስዎን ቁጥር ያቅርቡ። የፈቃድ ክፍያን፣ አሮጌውን ማንሣትን፣ ከአዲሱ የግንባታ ደንብ ጋር ማስማማትን ብዙ ኮንትራት አይሸፍንም። ስለዚህ «ኤሲዎን እንቀይራለን» ቢሉም ከኪስ የሚወጣ ሊኖር ይችላል፤ ከመፈረም በፊት ስንት እንደሆነ ይወቁ።

ኮንትራቱ እውነትም ካልሸፈነስ? ይህም ይሆናል፤ ክልከላ ሁሉ በደል አይደለም። ያኔ ወደ አምራቹ ይሂዱ። ብዙ የኤሲና የፈርነስ አምራቾች ዕቃው በተገጠመ በጥቂት ወራት ውስጥ ከተመዘገበ ለመለዋወጫ 10 ዓመት ዋስትና ይሰጣሉ፤ ካልተመዘገበ ብዙ ጊዜ 5። የውሃ ማሞቂያ ታንክም የራሱ የዓመታት ዋስትና አለው። አዲስ ቤት ከሆነ፣ የግንበኛው ዋስትና በተለምዶ ለአሠራር ጉድለት 1፣ ለቧንቧና ለኤሌክትሪክ መስመሮች 2፣ ለመዋቅር 10 ዓመት ነው። ዕቃው ላይ የተለጠፈውን የመለያ ሰሌዳ ፎቶ አንሥተው የሞዴልና የሴሪያል ቁጥሩን ለአምራቹ ያንብቡለት፤ መቼ እንደተሠራና የቀረ ዋስትና እንዳለው በዚያው ስልክ ይነግርዎታል። ዋስትናው ለቤቱ አዲስ ባለቤት ይተላለፍ እንደሆነም በዚያው ይጠይቁ።