ሰላምታና ሚዛን

ታላቁን የሁዳዴ ጾም ፈጽመን የጌታችንንና የመድኃኒታችንን የኢየሱስ ክርስቶስን ትንሣኤ ለማክበር በምንዘጋጅበት ሰሞን ሁለት ነገሮች በአንድነት ይገጥሙናል። አንደኛው ሰሙነ ሕማማት ነው፤ ምእመናን በጸሎትና በስግደት ተወስነው የአምላካቸውን መከራ የሚያስቡበት ሳምንት ነው። ሁለተኛው የበዓል ገበያ ነው። ሽንኩርቱና በርበሬው፣ ቅቤውና ዕንቁላሉ፣ ዶሮውና በጉ የሚገዛው በዚያው ሳምንት ነውና መርካቶም ሆነ ሾላ፣ በየክፍለ ሀገሩ ያለው ገበያም ሁሉ በሰው ይጥለቀለቃል። በዓመቱ ውስጥ ከማናውቀው ሰው ጋር እጅግ ብዙ ቃል የምንለዋወጠው በእነዚህ ቀናት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን በሻጭና በገዥ መካከል ስለሚኖረው ሰላምታና መልካም ቃል ጥቂት ልንል ወደድን።

የይሁዳ ሰላምታ

በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት በሰሙነ ሕማማት መስቀል መሳለም፣ እርስ በርስም ተሳስሞ ሰላምታ መለዋወጥ የለም። አባቶች ከሚሰጧቸው ምክንያቶች አንዱ የአስቆሮቱ ይሁዳ ነገር ነው። ይሁዳ በ30 ብር ከተስማማ በኋላ ጌታውን ለያዦቹ ያመለከተው በስድብ ወይም በጣት ጥቆማ አልነበረም፤ ቀርቦ ሰላምታ ሰጠ፣ ሳመውም (ማቴ. 26፥47-49)። በሰላምታው አነጋገር ላይ ምንም ጉድለት አልነበረም። ጉድለቱ ሰላምታው ራሱ ዋጋ የተቆረጠለት መሆኑ ነው። እንግዲህ ቤተ ክርስቲያን ልጆቿን ለጥቂት ቀናት ከመሳሳም ስትከለክል ሰላምታን ንቃ አይደለም፤ ሰላምታ ምን ያህል ክቡር እንደሆነ፣ ሐሰት ሲገባበትም ጉዳቱ የት ድረስ እንደሚደርስ እንድናስብ ነው።

ይህ ትምህርት ከቤተ መቅደስ ወጥቶ ወደ ገበያም ይከተለናል። የይሁዳ ሰላምታ የሽያጭ ሰላምታ ነበርና።

«እናቴ፣ ይምጡ»

ወደ ገበያ የገባ ሰው በመጀመሪያ የሚሰማው የዝምድና ቃል ነው። ሻጩ አይቶት የማያውቀውን ገዥ «እናቴ፣ ይምጡ»፣ «አባቴ፣ አይተው ይለፉ»፣ «እኅቴ፣ መግዛቱ ይቅርና ቅመሺው» እያለ ይጠራዋል። ቅቤ ሻጯ ከቅቤዋ ቆንጥራ ታሸትታለች። በርበሬ ሻጩ ዛላውን ሰብሮ ያሳያል። ሙስሊሙ ነጋዴ ክርስቲያን ደንበኛውን «እንኳን አደረሳችሁ» ሳይል አይሸኝም፤ ደንበኛውም በዒድ ዕለት ብድሩን ይመልሳል። ዋጋው ተቆርጦ ዕቃው ከተሰፈረ በኋላ ደግሞ ገዥ «መርቂልኝ» ትላለች፣ ሻጭም አንድ ጭብጥ ታክላለች። አባት ልጁን ሲባርክ «መረቀ» እንላለን፤ ሻጭ ከልኩ በላይ ሲጨምርም «መረቀ» እንላለን። ሳይገደዱ የሚጨምሩት ጥቂት ነገር በረከት መሆኑን ቋንቋችን ራሱ ይመሰክራል።

አንዳንዶች ይህ ሁሉ የመሸጫ ዘዴ ነው ይላሉ። በእርግጥም ነጋዴ ፊቱን የሚያፈካው ሊሸጥ ነው። ሊሸጥ መፈለጉ ግን ነውር አይደለም፤ ልጆቹን የሚያሳድረው በዚያ ነውና። ጥያቄው ቃሉን ተከትሎ የሚመጣው ሚዛን እንዴት ያለ ነው የሚለው ነው። የዝምድና ቃል ዕዳ አለበት። አንዲትን ሴት «እናቴ» ብሎ የጠራ ሰው ለእናቱ የማይሰጠውን ሊሰጣት አይገባም። የበሰበሰውን ሽንኩርት ከታች አድርጎ መልካሙን ከላይ የደረደረ፣ በርበሬው ውስጥ ባዕድ ነገር የቀላቀለ፣ ሚዛኑን በጣቱ የተጫነ፣ ቃሉ ማር ቢሆን እንኳ በይሁዳ መንገድ ላይ ቆሟል። በሕገ ኦሪት በአንድ ከረጢት ታላቅና ታናሽ ሚዛን መያዝ የተከለከለው ስለዚህ ነው (ዘዳ. 25፥13)። ሲራክም በመሸጥና በመግዛት መካከል ኃጢአት እንዴት በቀላሉ እንደሚሰካ አስጠንቅቋል (27፥2)። ሰው በተናገረው ጣፋጭ ቃል ልክ ሚዛኑን ሲያቃና ግን የመሸጫ ዘዴ የተባለው ያው ቃል እውነተኛ ሰላምታ ይሆናል።

የገዥ ድርሻ

ስለ ገበያ ሲነገር ወቀሳው ሁሉ በሻጭ ላይ መውደቁ ልማድ ሆኗል። መጽሐፍ ግን ገዥንም አልተወም። በሚገዛበት ጊዜ ዕቃውን የሚያጣጥል፣ ገዝቶ ሲሄድ ግን የሚመካ ሰው በመጽሐፈ ምሳሌ ተገልጿል (20፥14)። መከራከር የገበያ ወግ ነው፤ ማዋረድ ግን ወግ አይደለም። ከሩቅ ገጠር ዶሮዋን ታቅፋ የመጣችውን እናት ፀሐይ ላይ አቁሞ፣ ዶሮዋን ገለባብጦና አንቋሾ፣ ወደ ቤቷ የምትመለስበት ሰዓት እስኪደርስ ጠብቆ በርካሽ መውሰድ ከጾመኛ አይጠበቅም።

የአብርሃም ታሪክ ለገዥ ሁሉ ትምህርት ነው። ሚስቱ ሣራ በሞተችበት በኬብሮን የመቃብር ቦታ የፈለገው ከማይዛመዳቸው ከኬጢ ልጆች ነበር። ኀዘን ልቡን ቢሰብረውም ተነሥቶ በአገሩ ሕዝብ ፊት ሰገደ፤ በትሕትናም ተናገረ። ኤፍሮንም በበኩሉ እርሻውን ከነዋሻው በነጻ ሊሰጠው እንደሚወድ በሕዝቡ ፊት ተናገረ። አብርሃም ግን በዚያ መልካም ቃል ተጠቅሞ ዋጋ አላጓደለም፤ 400 ሰቅል ብር መዝኖ ከፈለ (ዘፍ. 23)። በዚህ ውል ሰላምታውም ሚዛኑም ሙሉ ነበሩ።

ዛሬ የመገበያያው መንገድ ተለውጧል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በስልክ መክፈል በከተሞች እየተለመደ ሄዷል፤ በሱፐርማርኬትም ዋጋው ተለጥፎ ስለሚገኝ ክርክር የለም። ገዥ አንድ ቃል ሳይናገር ገብቶ ሊወጣ ይችላል። ይህ ድካምን ስለሚያቀል አይነቀፍም። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ሒሳብ ስትቀበል የዋለችው ወጣት የመሣሪያው ክፍል አይደለችም። ዕቃችንን የሚሸከመው ልጅ፣ በበዓሉ ጠዋት «ቆዳ አለ?» እያለ በር የሚያንኳኳውም ሰው እንዲሁ ሰላምታ ይገባቸዋል። ባለጠጋው ቦዔዝ ወደ እርሻው ሲመጣ አስቀድሞ ያደረገው አጫጆቹን በእግዚአብሔር ስም ሰላም ማለት ነበር (ሩት 2፥4)።

የኤማሁስ እንግዳ

በቀዳም ሥዑር ካህናት ቄጤማ ይዘው፣ ቃጭል እያሰሙ በክርስቶስ መስቀል ሰላም መደረጉን በየቤቱ ያበሥራሉ። ከሕማማቱ በኋላ የሚመለሰው ሰላምታ የታጠበ ሰላምታ ሊሆን ይገባዋል፤ ዋጋ ያልተቆረጠለት፣ ለሚያውቁትም ለማያውቁትም የሚሰጥ።

በትንሣኤው ዕለት ወደ ኤማሁስ ይሄዱ የነበሩት ሁለት ደቀ መዛሙርት በመንገድ የተቀላቀላቸው ማን እንደሆነ አላወቁም ነበር። ቀኑ ሲመሽ እንግዳው መንገዱን የሚቀጥል መሰለ፤ እነርሱ ግን አብሯቸው እንዲያድር ለመኑት። እንጀራውን ቆርሶ በሰጣቸው ጊዜ ዓይናቸው ተከፈተ፤ ጌታ ነበር (ሉቃ. 24፥13-35)። «በደኅና ግባ» ብለው ቢሰናበቱት ኖሮ በዚያ ማዕድ ባላወቁት ነበር። እኛም በበዓሉ ገበያና በየበራችን የሚያጋጥመንን የማናውቀውን ሰው በዚህ ልብ እንቀበለው።

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ።