የኅብረተሰብ ትምህርት መምህር ስለሚዘጋጅበት መንገድ

ፊደልን ያወቀ ሁሉ ፊደልን ለማስተማር አይችልም፤ የማያውቀውንም ነገር ማንም ሊያስተምር አይችልም። ስለዚህ መምህር ለመሆን ለሚሻ ሰው ሁለት ነገር ያስፈልገዋል፤ ይኸውም አንደኛው የሚያስተምረውን ነገር ጠንቅቆ ማወቅ፥ ሁለተኛውም ያወቀውን ወደ ሕፃናት ልብ የሚያደርስበትን ዘዴ ማወቅ ነው። እነዚህ ሁለቱ ዕውቀቶች ተከታትለው ይመጡ ዘንድ ይገባልን? ወይስ አብረው ይደጉ? ይህ ጥያቄ መምህራንን የሚያዘጋጁትን ሰዎች ብዙ ጊዜ ያከራክራል። እኛም የመጀመሪያውን ዲግሪና ሁለተኛውን፥ ማለት የማስተርስን ዲግሪ፥ አያይዞ በማስተማር የኅብረተሰብ ትምህርት መምህር እንዴት እንደሚዘጋጅ በፊንላንድ አገር ምሳሌ እንገልጻለን።

ፊንላንድ በአውሮፓ ሰሜን የምትገኝ፥ ብርዷ የበረታ፥ የሕዝቧም ቁጥር ስድስት ሚሊዮን የማይሞላ አገር ናት። በአገሩ ቋንቋ የሚያስተምር የመጀመሪያው የመምህራን ማሠልጠኛ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1863 ዓ.ም. በዩቫስኩላ ከተማ ተከፈተ፤ አለቃውም ኡኖ ሲግኔዩስ ነበረ። ከመቶ ዓመት በኋላ፥ በ1970ዎቹ ዓመታት፥ የመምህራን ትምህርት ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተዛወረ። ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮም የታችኛው ክፍል መምህር እንኳ ሳይቀር በማስተርስ ደረጃ እንዲማር ተደረገ።

በዚያ አገር የታሪክና የኅብረተሰብ ትምህርት ብዙ ጊዜ በአንድ መምህር ይሰጣል። ይህን ሥራ የሚመኝ ወጣት ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ለሁለቱም ዲግሪ በአንድ ጊዜ ይፈቀድለታል እንጂ የመጀመሪያውን ከፈጸመ በኋላ እንደ አዲስ ሰው ደጅ አይጠናም። የትምህርቱ ልክ በነጥብ ይቈጠራል። ለመጀመሪያው ዲግሪ 180 ነጥብ፥ ለሁለተኛው 120 ነጥብ፥ በጠቅላላው 300 ነጥብ ያስፈልጋል። የአንድ ዓመት ትምህርት 60 ነጥብ ሲሆን ይህም 1,600 ሰዓት ያህል ሥራ ነው፤ እንግዲህ ጠቅላላው የአምስት ዓመት ድካም ይሆናል። ለከፍተኛው ሁለተኛ ደረጃ የሚዘጋጅ መምህር በዋናው ትምህርት ከ120 ነጥብ፥ በሁለተኛውም ከ60 ነጥብ ያላነሰ መማር አለበት። ከዚህም ጋር 60 ነጥብ የሚሆን የማስተማር ዘዴ ይማራል። ደግሞም ጠባዩና ፍላጎቱ ለማስተማር የሚስማማ መሆኑ ይመረመራል።

የማስተማር ዘዴም በመጽሐፍ ብቻ አይሰጥም። ዩኒቨርሲቲዎቹ የራሳቸው የልምምድ ትምህርት ቤቶች አሏቸው፤ በእነርሱም ውስጥ እንደ ማናቸውም ትምህርት ቤት ልጆች ይማራሉ። የወደፊቱ መምህር በመጀመሪያ ወደ ኋላ ተቀምጦ ያያል፤ ቀጥሎ ትምህርቱን አዘጋጅቶ በልጆቹ ፊት ይቆማል፤ ከዚያም ከነባሩ መምህር ጋር ተቀምጦ የቀናውንና የጎደለውን ይመረምራል። በማግሥቱ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሲመለስ ልጆቹ ጠይቀውት ያልመለሰውን ጥያቄ ይዞ ይመለሳል። ሁለቱን ትምህርት የማያያዝ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፤ የልጆቹ ጥያቄ ምርመራውን ያነሣሣዋል፥ ምርመራውም ትምህርቱን ያጠራለታል።

ይህ ነገር ለኅብረተሰብ ትምህርት ከሁሉ ይልቅ ያስፈልጋል። በሒሳብ ሁለትና ሁለት አራት መሆኑን የሚክድ አባት የለም፤ የሰውን ታሪክና አኗኗር የሚያስተምር ግን የልጆቹን አባቶችና አያቶች የነካ ነገር ያስተምራል። በፊንላንድ በ1918 ዓ.ም. ቀዮችና ነጮች የተባሉ ወገኖች እርስ በርሳቸው ተዋጉ፤ በጦርነቱና ከጦርነቱ በኋላ በእስር ሰፈሮች ከ30,000 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን የጦርነቱ ስም እንኳ አከራካሪ ሆኖ ቆየ፤ አንዱ የነፃነት ጦርነት ሲለው ሌላው ዓመፅ፥ ሌላውም የመደብ ጦርነት፥ ሌላውም የእርስ በርስ ጦርነት ይለው ነበር። በአንድ ክፍል ውስጥ የቀዩ የልጅ ልጅና የነጩ የልጅ ልጅ ጎን ለጎን ሲቀመጡ መምህሩ ምን ይበል? የመማሪያውን መጽሐፍ ብቻ በቃሉ የያዘ መምህር ወይ ዝም ይላል፥ ወይ ለአንዱ ወገን ያደላል። የድሮውን ጽሑፍ ራሱ የመረመረ፥ የአንዱን ምስክርነት ከሌላው ጋር ያመዛዘነ፥ ይህንንም በልጆች ፊት መናገርን በመካሪ እጅ የተለማመደ መምህር ግን ልጆቹን ሳያጣላ እውነቱን ሊያስረዳቸው ይችላል። ለማስተርስ ዲግሪ የሚጻፈው የምርመራ ጽሑፍ ለመምህሩ የሚጠቅመው ስለዚህ ነው፤ ለማዕርግ ብቻ አይደለም።

በአገራችንም እየተማሩ ማስተማር እንግዳ ነገር አይደለም። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ዳዊት የደገመው ልጅ ፊደል የሚቈጥረውን ታናሹን ያስተምራል፤ ራሱ ግን ገና ከየኔታ እግር ሥር ነው። የተሳሳተውን የኔታ ያርሙታል፤ ታናሹን ሲያስተምርም የራሱ ትምህርት ይጸናለታል። በዘመናዊው ትምህርት ግን ሁለቱ ነገሮች ተለያይተው የተሰጡበት ጊዜ አለ። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማ በጂኦግራፊ ወይም በታሪክ ወይም በሌላ ትምህርት ዲግሪ የያዘውን ሰው ከዚያ በኋላ የማስተማርን ዘዴ እንዲማር የሚያደርግ ነበረ። ይህም መንገድ የራሱ ጥቅም አለው፤ ዘግይቶ ልቡ ወደ መምህርነት ያዘነበለውን ሰው ይቀበላልና። ጉድለቱ ግን ዕውቀቱ ያለ ልጆች ጥያቄ ብቻውን ካደገ በኋላ ዘዴው በችኮላ መከተሉ ነው።

ዳሩ ግን የተያያዘውም ትምህርት ያለ ችግር አይደለም። አምስት ዓመት ረጅም ነው፤ በዚያ ዘመን ሁሉ የወጣቱ ጉልበት ከአባቱ እርሻ ይጎድላል። በፊንላንድ የአገሩ ተወላጅ ለዩኒቨርሲቲ ትምህርት ዋጋ አይከፍልም፤ ለኑሮውም ከመንግሥት እርዳታ ያገኛል። ይህ እርዳታ በሌለበት አገር አምስት ዓመት ማዘዝ የድኻውን ልጅ ከደጅ ማስቀረት ይሆናል። ደግሞም በአሥራ ስምንት ዓመቱ መምህርነትን የመረጠ ልጅ በሃያ ዓመቱ ሊጸጸት ይችላል፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን ዲግሪ ይዞ ወደ ሌላ ሥራ የሚወጣበት በር ሊዘጋበት አይገባም።

እንግዲህ እናንተ የመንደር መምህራንና ሽማግሎች ሆይ፥ ልጅ መጥቶ «ሁለት ዲግሪ በአንድነት ልማር» ብሎ ምክር ሲጠይቃችሁ የወረቀቱን ብዛት አትቍጠሩ፤ ሦስት ነገር ጠይቁት። በስንተኛው ዓመት በልጆች ፊት ትቆማለህ? ስትቆም የሚያርምህ ነባር መምህር ከጎንህ አለን? አንተስ ራስህ የምትመረምረው ነገር ምንድር ነው? ለእነዚህ መልስ ካለው አምስቱ ዓመት በከንቱ አይጠፋም፤ መልስ ከሌለው ግን ዲግሪው ሁለት ቢሆን ዕውቀቱ አንድ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ጊዜው ላለፈበትም መምህር ከዚህ ምሳሌ የሚወስደው አለ። ስለ መንደሩ አመሠራረት ወይም ስለ አንድ ክፉ ዘመን ሁለት ሽማግሎችን ለየብቻቸው ይጠይቅ፤ ቃላቸውንም ጽፎ የሚስማማበትንና የሚለያይበትን ለልጆቹ ያሳያቸው። ሽማግሎችም ሲጠየቁ ያዩትን «አየሁ»፥ የሰሙትንም «ሰማሁ» ብለው ለይተው ይንገሩት። ልጆቹም ያን ጊዜ የአባቶቻቸውን ነገር አክብረው መስማትንና መዝነው መቀበልን በአንድነት ይማራሉ።